ኑድሉ ገንፎ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ውዴ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ፣ ቤቱስ? መልስ ሳልሰጥሽ ዓመት ማለፉን ሳስብ አፍራለሁ፤ ይቅር በይኝ። ረስቼሽ አይደለም። «ነገ ተረጋግቼ እጽፍላታለሁ» ስል ነገ ሌላ ነገ እየወለደ ነው። በመጨረሻው መልእክትሽ «ፓድ ኪ ማው የሚሉትን የታይ ኑድል ቤት ስሠራው ለምን ገንፎ ይሆንብኛል? ሽታውስ ለምን እንደ ምግብ ቤቱ አይሆንም?» ብለሽኝ ነበር። መልሱን ዛሬ በደንብ ልጻፍልሽ።

ገንፎ የሚያደርገው ውሃ ነው። መጥበሻው ሲሞላ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ከሥጋውና ከአትክልቱ የወጣው ውሃም መትነን አቅቶት ይጠራቀማል። ያኔ ኑድሉ መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል፣ ስታርቹ ይወጣና እርስ በርሱ ይጣበቃል። የእኛ እጅ ደግሞ ወጥ የለመደ ነው፤ ሽንኩርቱን በዝግታ ማቁላላት፣ ያዝ ሲያደርግ ውሃ ጠብ ማድረግ። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ዘይት እስከ መጨረሻው ቅጠል ከ6 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ እሳቱን ከመለኮስሽ በፊት ሁሉም ተከትፎና ተለክቶ እጅሽ ሥር ይሁን። ምድጃሽ የኤሌክትሪክ ከሆነ ለሁለት ሰው የሚሆነውን በአንዴ አትሥሪው፤ ሁለት ዙር አድርጊው።

ኑድሉ ሰፊው የሩዝ ኑድል ነው፤ ታዮቹ «ሴን ያይ» ይሉታል። የእስያ ሱቅ ውስጥ ትኩሱን ካገኘሽ ለሁለት ሰው 400 ግራም ይበቃል። ፍሪጅ ያደረ ከሆነ ደርቆ ስለሚሰባበር በእንፋሎት ወይም በማይክሮዌቭ አለስልሺውና ገና ሞቅ እንዳለ በእጅሽ ለያዪው። ቀዝቃዛውን በግድ መፈልቀቅ ነው ፍርፋሪ የሚያደርገው። ደረቁን ከገዛሽ ወደ 1 ሴንቲሜትር የሚሰፋውን 200 ግራም ወስደሽ ሙቅ ባልሆነ ውሃ 1 ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው። ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ብቻ ጣል አድርጊው፤ ስትነክሺው መሐሉ ገና ጠንከር ያለ ይሁን። በቀዝቃዛ ውሃ አጥበሽ በደንብ አጥልዪው፤ ትንሽ ዘይት ቀቢው። ውሃው ሳይንጠፈጠፍ መጥበሻ ውስጥ ከገባ ልፋትሽ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሶሱን ቀድመሽ በስኒ ደባልቂው፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ኦይስተር ሶስ (ኦይስተር ከሚባለው የባሕር ዛጎል እንስሳ የሚሠራ)፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 2 የሻይ ማንኪያ የዓሣ ሶስ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር ሶያ ሶስ። ጥቁሩ ዋና ሥራው ቀለም ነው። ሶሶቹ ሁሉ ጨው ስላላቸው ሌላ ጨው አትጨምሪ።

አሁን ወደ ሽታው ልምጣ። 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ከ4 እስከ 8 ጥቃቅን የታይ ቃሪያ በሙቀጫ ውቀጪ። ድቁስ ይሁን እንጂ አይላም። በቢላ የተከተፈው ጠረኑን ለዘይቱ ቶሎ አይሰጥም፤ በብሌንደር የተፈጨው ደግሞ ውሃ ያወጣና ዘይቱ ውስጥ ይፈላል እንጂ አይጠበስም። ሙቀጫ ካለሽ ሌላ ምንም አትፈልጊ።

መጥበሻው ብረት ይሁን፤ ቴፍሎን ባዶውን ሲግል ጥሩ አይደለም። ጭስ ማውጣት ሲጀምር 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያም በስሱ የተቆረጠ 200 ግራም የዶሮ ጭን ሥጋ ጨምሪና ዘርጊው። ለ1 ደቂቃ አትንኪው። ቡናማ ሲሆን አገላብጠሽ አብስዪና አውጪው። እሳቱን ቀንሰሽ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና የተወቀጠውን ጨምሪ። መስኮቱን ቀድመሽ ክፈቺ፤ የቃሪያው ጭስ ጉሮሮ ይይዛል፣ ልጆቹም ከወጥ ቤት ይውጡ። በ20 ሴኮንድ ገደማ ነጭ ሽንኩርቱ ወርቃማ ይሆናል። ከጠቆረ ይመራል፤ ሶሱ አይሸፍነውም፣ ደፍተሽ እንደገና ጀምሪ።

ወዲያው አንድ እፍኝ የተቆራረጠ ፎሶሊያ፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ኑድሉን፣ በላዩ ሶሱን። እሳቱን እስከ መጨረሻው ክፈቺው። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚጠየቀው፦ አንዴ ገልብጠሽ 20 ሴኮንድ ተዪው፣ ደግመሽ ገልብጠሽ ተዪው። ሶሱ ሲደርቅ የኑድሉ ጠርዝ እዚህም እዚያም ጠቆር ይላል፣ ስኳሩም ሲቃጠል ይሸትሻል። ያ የምግብ ቤቱ ሽታ ከዚያ ነው የሚመጣው። ያለ እረፍት የሚያማስል ሰው አያገኘውም። ዶሮውን መልሺ፤ በጨው ውሃ የተቀመጠ አረንጓዴ ቁንዶ በርበሬ ካገኘሽ አጥበሽ ከነዘለላው ጨምሪ።

ቅጠሉ መጨረሻ ነው። እሳቱን አጥፍተሽ ሁለት እፍኝ ጨምሪና አንዴ ብቻ አገላብጪ፤ ከቆየ ይጠቁርና ጠረኑ ይጠፋል። ትክክለኛው ቅጠል «ካፕራው» የሚሉት የታይ በሶብላ ነው፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። «ሆራፋ» የሚባለው ባለ ሐምራዊ ግንድ ግን ወደ እንስላል የሚያደላ ጠረን አለው፤ ይሆናል፣ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም የበሶብላ ዘመዶች ስለሆኑ ትኩስ በሶብላ ብታገኚ ሳትፈሪ ተጠቀሚበት። ደረቁን ግን ለበርበሬና ለሽሮ ተዪው።

በጾም በዶሮው ፋንታ ውሃው ተጨምቆ የወጣ ጠንካራ ቶፉ (ከሶያ የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ)፣ በኦይስተሩ ፋንታ ከእንጉዳይ የሚሠራውን ሶስ፣ በዓሣው ፋንታ 1 የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስ አድርጊ። «ኪ ማው» በታይኛ ሰካራም ማለት ስለሆነ እናትሽ ሲሰሙ እንዳይደነግጡ፤ አሠራሩ ላይ መጠጥ የለበትም።

የመጀመሪያውን ቀን በ4 ቃሪያ ጀምሪ፣ ምድጃሽ ምን ዓይነት እንደሆነም ጻፊልኝ። አሁን ዓመት አላስጠብቅሽም።

የምትወድሽ