ሥዕሎቻችን መሬት ላይ ናቸው፤ መደርደሪያ አግዙን

የአዳማ ልጆች፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገር። እንጨት፣ ብሎንና ትንሽ ብር እንፈልጋለን። ለሰባት ሠዓሊ የሚሆን የሸራ መደርደሪያ ልንሠራ ነው።

ስቱዲዮ እያልን የምንጠራው ክፍል ድሮ ጋራዥ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ኪራዩን ለሰባት እንካፈላለን፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የሰፈር ልጆች በነፃ ሥዕል ይማሩበታል። ዕቃ ማስቀመጫ የሚባል ነገር ግን የለውም። ያለቀውም ያላለቀውም ሸራ ግድግዳ ተደግፎ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቧል፤ ከኋላ ያለውን ለማየት የፊቱን ሁሉ ማንሳት ነው፣ ሲነሳ ደግሞ የአንዱ ጠርዝ የሌላውን ሆድ ይወጋዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ውሃ በበሩ ሥር ገብቶ የአራት ሥዕል ታችኛው ጠርዝ በሰበሰ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ የእኔ ተራ ደረሰ። ሁለት በአክሪሊክ ቀለም የተሠሩ ሥዕሎች፣ አንዱ የሴትዮ አንዱ የበሬ፣ ፊት ለፊት አጋጥሜ ትቻቸው ሄድኩ። አክሪሊክ ከደረቀ በኋላም ያው ፕላስቲክ ነው፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ያ ቆርቆሮ በአዳማ ፀሐይ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ስላቅቃቸው የሴትዮዋ አፍንጫ በሬው ላይ ቀረ። አሁን እንስቅበታለን፤ ያን ቀን ግን አልሳቅኩም።

የዘይት ቀለም ይብሳል። ቀለሙን የሚይዘው የተልባ ዘይት ነው፤ አዎ፣ በጾም በጥብጠን የምንጠጣት ተልባ። እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፣ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ቀስ እያለ ነው የሚጠጥረው። ስስ ከሆነ ቀናት፣ ወፍራም ከሆነ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ነፋሱ ያመጣውን አቧራ ሁሉ ይይዛል (እነዚያ የነፋስ ተርባይኖች ከተማችን ዳር የተተከሉት በከንቱ አይደለም)። «ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት» የሚሉን አሉ። አይሆንም። አየር ካጠረው መድረቁ ይዘገያል፣ ጨለማ ውስጥ ሲከርም ደግሞ የተልባው ዘይት ወደ ቢጫ ይሄዳል። ስለዚህ የሚሠራው ክፍት መደርደሪያ ነው፤ ለአቧራው ከፊቱ የአቡጀዲ መጋረጃ ይበቃዋል።

አሠራሩን ያሰቡልን የሰፈራችን አናጢ ናቸው፤ የእጃቸውንም ዋጋ አንቀበልም ብለዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኮምፔንሳቶ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። በቁመቱ ለሁለት ሲሰነጠቅ አንዱ የመደርደሪያው ወለል፣ አንዱ ጣሪያው ይሆናል። በመሀል ያለውን በሙሉ ጣውላ እንጋርደው ብንል ዋጋውን አንችለውም። በዚያ ፈንታ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ከፊትና ከኋላ ቀዳዳ ተበስቶ የመብራት ሽቦ የሚገባበት የፕላስቲክ ቱቦ ይቆማል። 24 ክፍል ይወጣዋል፣ 46 ቁራጭ ቱቦ ይፈጃል። ሸራው ሳይጋደም ቆሞ ይገባል፤ የማንም ፊት የማንንም ፊት አይነካም። ወለሉ ደግሞ ከሲሚንቶው አንድ ስንዝር ከፍ ስለሚል ውሃ ቢገባም በሥሩ ያልፋል። እኔ ንድፉን ሳየው «ይኼን ያህል ቀላል ነው እንዴ?» ነው ያልኩት።

እግሩና ክፈፉ ከፓሌት፣ ማለትም ጭነት ከሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ፣ ይሠራል። የጅቡቲ መንገድ ላይ ነን፣ ሞጆ ደረቅ ወደብም እዚሁ ቅርባችን ነው፤ ትርፍ ፓሌት ያለው ነጋዴ ወይም ሹፌር አይጠፋም። አደራ ግን፣ ከመጫናችሁ በፊት ማህተሙን እዩልን። የስንዴ ዘለላ የሚመስለው ምልክት አጠገብ «ኤች ቲ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ እንጨቱ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሙቀት የገባው ነው፣ አምጡት። «ኤም ቢ» ካለው ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዝ የታጠነ ነው። ልጆች የሚማሩበት ክፍል ውስጥ አናስገባውም፣ በነፃም ቢሆን።

ሁለተኛው ኮምፔንሳቶ ለልጆቹ የወረቀት ሥራ ሰፋፊ መሳቢያ፣ ለቀለምና ለብሩሽ ደግሞ የሚገፋ ትንሽ ጠረጴዛ ይሆናል። ክዳን ያለው የዱቄት ወተት ጣሳም አትጣሉብን። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ሲቀመጥ በራሱ እየጋለ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል፤ ውሃ ባለበት ጣሳ ተከድኖ መቀመጥ አለበት።

ብሩን በተመለከተ፣ የእንጨት ዋጋ ዛሬ ብጽፈው ነገ ስለሚሰረዝ ቁጥር አልለጥፍም። እኛ ሰባታችን አዋጥተን የአንዱን ኮምፔንሳቶና የኮላውን ከፍለናል። የቀረን ሁለተኛው ኮምፔንሳቶ፣ ቱቦው፣ ብሎኑና አቡጀዲው ነው። 50 ብርም ብር ነው፣ አትፈሩ። ማገዝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ የሒሳብ ቁጥሩን እዚያ እንልካለን፤ በአደባባይ የማንለጥፈው ቁጥር ቀይሮ በስማችን የሚለምን ስለማይጠፋ ነው። የተገዛው ሁሉ ደረሰኝ ፎቶ ተነስቶ እዚሁ ይወጣል። ከሐዋሳም ከአዲስ አበባም የምትሆኑ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ብር የሌለው ጉልበት ይዞ ይምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ እንጀምራለን። መጋዝ ያለው መጋዝ፣ መሰርሰሪያ ያለው መሰርሰሪያ፤ ቡናው ከእኛ።

አንድ ነገር ደግሞ ልርሳው ነበር። ለምትገፋዋ ጠረጴዛ አራት ጎማ ያስፈልጋል፣ አዲሱ ደግሞ አይቀመስም። ቢሮ ወይም ቤት ጥግ ላይ የተሰበረ ባለጎማ ወንበር ያላችሁ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ራሳችን መጥተን እንወስደዋለን።