የጤና ክበብ ዘንድሮ፦ «ከስንት?»

የጤና ክበብ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ዓርብ ከሰዓት ግቢ የሚጠርግ ተማሪ ነው። እንጠርጋለን፣ አልካድንም። ዘንድሮ ግን በሽታ መቁጠር ጀምረናል። «ይሄ የሐኪም ሥራ አይደለም ወይ?» ላላችሁኝ ባልደረቦቼ መልሴ ይኸው።

ስብሰባዎቹን አልተርክም፤ ምርጫ፣ ዕቅድ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ያው የምታውቁት ነው። አንዱን ግን ልንገራችሁ። ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ጻፍኩ፦ ከአንድ ክፍል 4 ልጆችን ተቅማጥ ያዛቸው፣ ከሌላው 6፤ የቱ ክፍል ባሰበት? ሁሉም «ስድስቱ!» ሲሉ ከኋላ የተቀመጠች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ከስንት?» አለች። አንዱ 40፣ ሌላው 80 ተማሪ አለው እንበል። የመጀመሪያው ከመቶ 10፣ ሁለተኛው 7.5 ሆነ ማለት ነው። (80 ስል ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ፣ ክፍሎቻችንን ታውቋቸዋላችሁ።) ከዚያ ወዲህ ሚኒ ሚዲያ ላይ ቁጥር ያነበበ ሁሉ «ከስንት?» እየተባለ ይፋጠጣል።

ከዚያ የሰው ጥርስ አይተን ልንቆጥር ሚኒባስ ተሳፍረን እዚሁ አዳማ አጠገብ ወንጂ ሄድን። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር እንደሚበዛበት ለአዳማ ሰው አይነገርም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጥርሱ ገና ሳይበቅል ከዚያ በላይ ሲጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፣ ቢፋቅም አይለቅም።

ከስኳር ፋብሪካው ጡረታ የወጡ አንድ አባት ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡን። «ጫት ነው፣ ሲጋራ ነው ሲሉን ኖሩ። እኔ ሁለቱንም አላውቅም!» ብለው አፋቸውን ከፍተው አሳዩን። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ሊጽፉ ሲሉ ያቺው የ«ከስንት» ልጅ አስቆመቻቸው። «የአባባ ጥርስ የሚነግረን ልጅ ሆነው የጠጡትን ውኃ ነው። የአሁኑን ለማወቅ ጥርሳቸው በቅርብ የበቀለ ልጆችን ማየት አለብን።» በሽታው ያለበትን ሁሉ መቁጠርና አዲስ የያዘውን ብቻ መቁጠር ይለያያል እያልኩ ስንት ቀን የለፈለፍኩት ይሄው ነበር። የበለዘ ጥርስ ተመልሶ አይነጣም፤ ውኃው ዛሬ ቢስተካከል እንኳ ጥርሱ የበለዘ ሰው ቁጥር ለብዙ ዓመታት ያው ነው። አባባ ወደ እኔ ዞረው «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ። «የእኛ ናት» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ።

ያገኘነውን ቁጥር እዚህ አላወጣሁም። ያየነው አፉን ሊያሳየን የፈቀደውን ብቻ ነዋ፤ ጥርሱ ያሳፈረው ሰው ከንፈሩን ገጥሞ አልፎናል። እንዲህ ያለ ቆጠራ ትክክለኛውን መጠን አይነግርም።

ያልሆነልንም አለ። የተቅማጥና የጉንፋን መዝገባችን ከፋሲካ በኋላ ተቋረጠ፣ ፈተና ሲደርስም አባላቱ ሳሱ። የሚኒባሱ ሒሳብ የወጣው ከልጆቹና ከእኔ ኪስ ነው። ለማልያ በየዓመቱ የሚገኝ ብር ለእኛ ሲሆን ለምን እንደሚጠፋ የሚመለከተው አካል ይንገረን።

ለከርሞ ያሰብነው አንድ ትምህርት ቤት ገብተን የሦስተኛ ክፍል ልጆችን በሙሉ፣ ከስም መጥሪያው አንድም ሳይቀር፣ ወላጆቻቸውን አስፈቅደን ለማየት ነው። የሚያግዘን የጤና ባለሙያና የትራንስፖርት ብር እንፈልጋለን። የትብብር ደብዳቤው ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማና ማኅተም ነው።