የአባዬ ቁምጣና ድሪቷችን

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ይህን ያህል ዝም ማለቴ በጣም ከብዶኛል። መጀመሪያ የአባዬ ሐዘን ነበር። ከዚያ መንገዱም ስልኩም አልሆን አለ። ኋላ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘግይቼ መጻፉ አሳፈረኝ። ይቅር በይኝ።

ክረምቱን በሙሉ ምን ስንሠራ እንደከረምን ላጫውትሽ። እማዬ የአባዬን ልብስ ለሰው መስጠትም መጣልም አልሆነላትም። አረንጓዴ ቁምጣዎቹ፣ እጀ ጠባቡ፣ ያ ጠርዙ ያለቀ ጋቢው ሣጥን ውስጥ ከርመዋል። ሐምሌ ላይ አወጣሁና "የአልጋ ልብስ እንሥራበት" አልኳት። "የአባትሽን ልብስ ድሪቶ ልታደርጊው?" ብላ ተቆጣች። ልጅ ሆና ድሪቶ የለበሰችው ወዳ አይደለም፣ ስሙ እንኳ ያማታል። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን መቀሱን ራሷ አነሣች።

ቁምጣውን ስንዝር ስንዝር አድርገን ቆረጥነው። አክስቴ ከባሕር ዳር አቡጀዴ ይዛልን መጣች። ዕድሜዋን በዚያው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው የጨረሰችው። በ1950ዎቹ ከጣሊያን የጦር ካሳ እንደተሠራ ዛሬም በኩራት ታወራለች። እህቴ ከአሮጌ ቀሚሷ ቀይ ጥለት ፈትታ ጨመረች። ጎረቤቶቻችንም ቡና ሲጠሩ መርፌያቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር።

የመጀመሪያው ተበላሸብን። እማዬ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶውን መሐሉ አስገባነው። ስፌቱን አራርቀነው ስለነበር ሲታጠብ ጥጡ ሸሽቶ አንድ ጥግ ላይ ተጠቀለለ። ቀዩም ለቅቆ አቡጀዴውን አቀላው። አለቀስኩ።

ተርትረን እንደገና ጀመርን። ቀለም ያለውን ሁሉ አስቀድመን ዘፈዘፍነው። በባዘቶው ፈንታ የአባዬን ጋቢ አስገባን። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ እንደ ባዘቶ አይሸሽም። በየአራት ጣቱ በእጅ ጠቀጠቅነው። ዳር ዳሩን ብቻ በሲንጀሯ ዘመዘምኩት።

የአንዱን ቁምጣ ኪስ ሳንነካው እንዳለ ሰፋነው። የእማዬ አሳብ ነው። የማርቆስን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ አሁን ሌሊት ሌሊት የምትለብሰው እሱን ነው። መቁጠሪያዋን እዚያ ኪስ ውስጥ አድርጋ ትተኛለች። ጠዋት ስታወጣው ሳያት እንዴት ደስ እንደሚለኝ!

ሁለተኛውን ለትንሿ ልጅሽ ጀምረናል። የአልጋዋን ስፋት ለክተሽ ንገሪኝ፣ 90 ሳንቲም ነው ወይስ 1 ሜትር ከ20? የጠበባት ልብስም ካለ ወደዚህ ከሚመጣ ሰው ጋር ስደጂልኝ። ቀይ ካለበት ለብቻው ቋጥሪው።

ናፋቂሽ እህትሽ