ስለ አያትሽ ለጠየቅሽኝ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ባለፈው በስልክ ስለ አያትሽ ስትጠይቂኝ በአጭሩ መመለስ አቃተኝ። ወታደር እንደነበሩ ታውቂያለሽ። ያረፉት ግን አንቺ ገና ሕፃን ሳለሽ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ከእኛ በቀር የሚነግርሽ የለም።

አባባ ክብር ዘበኛ የገቡት በወጣትነታቸው ነው። በ1945 ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመቱ። ሰው ስለ ቃኘው ሲያወራ የተዋጉትን ውጊያ ብዛት ያነሳል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላው ነው። ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፤ ከ500 በላይ ቆስሎባቸዋል። የተማረከባቸው ግን አንድም ሰው የለም። የወደቀውን ተሸክመው ነበር የሚመለሱት። የሞቱትም አገራቸው መጥተው ነው የተቀበሩት።

አባባ ይህን በኩራት ሲያወሩት ሰምቼ አላውቅም። እቤት ግን ያንኑ ነበር የሚያደርጉት። ማታ ሁላችንም ካልገባን እራት አይቀርብም። አንዱ ከቀረ ጋቢያቸውን ደርበው ደጅ ይቆማሉ። ዝናብም ቢሆን ይቆማሉ። የቀረው ሲመጣ አይቆጡም፤ "ገባህ?" ይሉና ተከትለውት ይገባሉ። የጎረቤት ልጅ እኛ ዘንድ ካመሸም ቤቱ ድረስ ሳያደርሱት አይቀመጡም። ያኔ ጭንቀት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ወታደርነታቸው ነው።

ስለ ኮሪያ ከተናገሩ የሚናገሩት ስለ ልጆቹ ነበር። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩሱ ሲቆም አገሩ ወላጅ አልባ በሆኑ ሕፃናት ተሞልቶ ነበር። የቃኘው ወታደሮች ዶንግዱቾን በሚባል ቦታ ማሳደጊያ ከፍተው፣ ከደሞዛቸው እያዋጡ ተንከባከቧቸው። "ብርዱ ሲጠና መሃላችን እናስተኛቸው ነበር" ይሉ ነበር አባባ። አባትነትን የተማሩት እዚያ ይመስለኛል፤ ገና ሚስት እንኳ ሳያገቡ።

ደርግ ሲመጣ ዝም አሉ። መንግሥት እነ አባባ ከተዋጉት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሲሆን "የኮሪያ ዘማች" መባል ማኮራቱ ቀረ። ሜዳሊያቸውን እማማ በጨርቅ ጠቅልላ ከሳጥኑ ሥር ደበቀችው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰው ለአገሩ የዘመተበትን ነገር እቤቱ ውስጥ መደበቅ አልነበረበትም።

ደግሞ ያኔም አልቀሩም። በ1969 ሶማሊያ ስትወር ዕድሜያቸው ገፍቶ ሳለ ወደ ኦጋዴን ሄዱ። እማማ ስንቃቸውን ስታዘጋጅ ትዝ ይለኛል፤ ጭኮውን እያሸች ታለቅሳለች። ከዚያ የሚልኩት ደብዳቤ ስለ ውጊያ አንድ ቃል የለውም። "የትንሹ ጫማ አልጠበበውም ወይ?" "ክረምት ሳይገባ የጣሪያው ቆርቆሮ ይታይ።" "ሒሳብ የከበዳት ልጅ እንዴት ሆነች?" ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። የካቲት 1970 ጅጅጋ አጠገብ ያለው የካራማራ ተራራ በእኛ ጦር መያዙን በሬዲዮ ሰምተን ሰፈሩ በእልልታ ሲናወጥ እማማ ግን ዝም ብላ ተቀመጠች። ደብዳቤያቸው እስኪደርስ እህል አልቀመሰችም።

ከተመለሱ በኋላ አብሯቸው የነበረ የአንድ ሟች ጓደኛቸውን ቤተሰብ መርዳት ያዙ። ደሞዝ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚሄዱት እዚያ ነበር። ለልጆቹ ደብተር ይገዛሉ፣ የፈረሰ አጥር ያቆማሉ። እኛም ቤት ብዙ አልነበረም፤ እማማ ግን አንድ ቀን አልከለከለቻቸውም። እሷም የወታደር ሚስት ነበረችና፣ ዕጣው የእሷም ሊሆን ይችል እንደነበር ታውቀዋለች። ከልጆቹ ትልቋ አሁንም በዓል ሲመጣ ትደውልልኛለች፤ "አባባ" ስትል የምታነሳው እሳቸውን ነው።

ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል ከበዳቸው። ጎህ ሲቀድ ተነስተው ለማንም የማይታይ ጫማ ይወለውላሉ። ከዚያ እናንተ የልጅ ልጆች መጣችሁና ቀለላቸው። አንቺን በጋቢያቸው አዝለው ግቢውን ሲዞሩ የተነሳ ፎቶ አለ።

እሱንና የደንብ ልብስ የለበሱበትን በሰው ልኬልሻለሁ። ልጅሽ ለትምህርት ቤት ካስፈለጋት ትውሰደው፤ ከኋላው ያለው የእጃቸው ጽሑፍ ስለሆነ ግን ሙጫ እንዳታስነኪው። የኦጋዴኑን ጊዜ ከእኔ ይልቅ ታላቅ አጎትሽ ያውቀዋል። ማታ ማታ ደውይለት፤ ቀን ቀን ስልኩን አይሰማም።

እናትሽ