ጂግለር ከመቀየር በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ነዳጅ ሲወደድ ብዙ ሞተረኞች የካርቡሬተሩን ጂግለር (ነዳጅ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) በጠባብ ያስቀይራሉ። እባካችሁ፣ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ካንዴላውንም (የእሳት ብልጭታ ሰጪውን) እዩ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይደክማል።

ሞተሩን 10 ደቂቃ አሙቁና አጥፉት። የነዳጅና የአየር ድብልቁን ብሎን በካቻቢቴ እስኪነካ ብቻ ዝጉ (ከጠበቀ ጫፉ ይበላሻል)፣ ሁለት ዙር መልሱ። አስነስታችሁ በሩብ ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ የሞተሩ ዙር) በጣም ከፍ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ፣ ከዚያ በሚኒሞው ብሎን በደቂቃ ወደ 1,400 ዙር አውርዱት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ብሎኑ በሞተሩ በኩል ከሆነ ሲፈታ ነዳጅ ይጨምራል፣ በማጣሪያው በኩል ከሆነ ግን አየር።

ቡናማ ካንዴላ ጤና ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል። ጂግለሩ የጠበበ ሞተር ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ይበልጥ ይግላል፣ ፒስተኑም ሊነክስ (ሊጣበቅ) ይችላል።