የጠየቅነው ሰው መልሱን ይስማ

ለ፦ የአማራ ክልል የደንና የዱር እንስሳት ጥበቃ ጉዳይ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በወሎ ደጋ የሚደረጉ የዱር እንስሳት ጥናቶች ለነዋሪው እንዲመለሱለት ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ደቡብ ወሎ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪ ሳለሁ ደግሞ መጠይቅ ታቅፌ ቤት ለቤት ስዞር ነበር። ከሰው ደጅ ብዙ ነገር ሰብስቤያለሁ። ቡና ጠጥቼ፣ ቆሎ ቆርጥሜ፣ አመስግኜ ሄጃለሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ተመልሼ «የነገራችሁኝ እዚህ ደረሰ» አላልኩም። ይህ ደብዳቤ ስለዚያ ዕዳ ነው።

ቦታው ደቡብ ወሎ ውስጥ በቦረናና በሳይንት ወረዳዎች መካከል ነው። የአገሩ ሰው ደንቆሮ ጫካ ይለዋል። በ2001 ዓ.ም. ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ላላየው ሰው፣ ከታች ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶና አስታ፣ ከዚያም በላይ ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅብራ ነው። ማለዳ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ታገኙታላችሁ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጭላዳው ከገደሉ እየወጣ፣ ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ይበላል። ድኩላውም፣ ሰሱም፣ ነብሩም አለ። ቀይ ቀበሮም አለ።

ቀይ ቀበሮን በደንብ ያየሁት ከአንድ የፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ጋር ድንጋይ ተጠግተን ነው። መቶ እርምጃ ቢርቀን ነው። ብቻውን ነበር። በቡድን ይኖራሉ፤ አደን ላይ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ነው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ መሬቱን አዳመጠ። አንድ እግሩን አነሳ፣ ቆየ፣ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከዚያ ዘለለ። ቀና ሲል አፉ ውስጥ አይጥ ነበረች። ትንሽ ራቅ ብሎ በጎች ይግጡ ነበር። ዞር ብሎም አላያቸው።

ግልገል ፈጽሞ አይነካም አልልም። አልፎ አልፎ ሲመቸው ይወስዳል። ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። ይህንን ጥናቱም ይላል፣ እረኛውም ያውቃል።

አሁን ወደ መጠይቄ ልምጣ። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ «ቀበሮ በግ በልቶብዎት ያውቃል?» የሚል። መልሱ «አዎ» ወይም «የለም» ነው። በሳጥኑ ውስጥ ምልክት ማድረግ ብቻ። አንድ አዛውንት ቤታቸው ደጃፍ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝና፣ «የትኛውን ቀበሮ ነው የምትለኝ ልጄ?» አሉኝ። «ቀዩን ነው ወይስ ያንን ጀርባው ሸበቶውን?»

ደነገጥኩ። ወረቀቴ ላይ ያለው ሳጥን አንድ ነው። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም ቀበሮ ናቸው። መጠይቁ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እዚያ ሁለት የተለያየ ስም አላቸው። ስንተረጉመው አንድ አደረግናቸው። አዛውንቱ በጎቻቸውን የፈጀው ሸበቶው እንደሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመጣበትን ገደል ሳይቀር ነገሩኝ። እኔ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ያ ምልክት ዛሬም አንድ መደርደሪያ ላይ ቀይ ቀበሮን በግ በላ እያለ ይከሳል። አጥፊው እኔ ነኝ።

ስነሳ አዛውንቱ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «አምናም እንዳንተ ያሉ ልጆች መጥተው ጽፈው ሄደዋል። ያኛው ምን ሆነ?» አሉኝ። «ውጤቱን እናመጣለን» አልኳቸው። «አብሽር፣ ታመጣለህ» አሉኝና መርቀው ሸኙኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ተገናኘን። ሳልጠብቅ «ያ ነገር ደረሰ?» አሉኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ተጠርዞ፣ ውጤት ተሰጥቶበት አልቋል። እሳቸው በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ነው። ምን ልበላቸው? ስለ እህል ዋጋ አንስቼ ወሬ ቀየርኩ።

ይህ የእኔ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩላችሁ። አብረውኝ የተማሩትም፣ ከኔ በኋላ የመጡትም እንደዚሁ ነን። ለመመረቅ እንጽፋለን። ስንመረቅ ያበቃል።

ይህ የምስጋና ቢስነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር ይባል ነበር። ግን እንስሳውን የሚገድል ክፍተት ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በአገራችን ተራሮች ብቻ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያንሳሉ። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። የቀረው በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝ፣ እንዲሁም በእኛው በሰሜንና በደቡብ ወሎ አናት አናቱ ላይ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ተበትኗል። ጮቄ ላይም ነበር። ዛሬ የለም።

ከጥይትና ከወጥመድ ይልቅ የሚያስፈራኝ ውሻው ነው። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮው ይተላለፋሉ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ባሌ ዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ፣ እዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ገደማ ጨርሷል። የቆመው ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ተረባርበው ቀበሮዎቹን ራሳቸውን ስለከተቡ ነው። ባሌ ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ ተረፈ። እኛ ጋ ግን አንድ ክፉ ዓመት ቢመጣ የሚተርፍ ይኖራል ወይ? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የከብትና የበግ ክትባት ሲመጣ ሰዉ ከብቱን ነድቶ ይወጣል። ውሻው ቤት ይቀራል። ማንም «ውሻህንም አምጣ» አላለውማ። ውሻው ደግሞ በማግስቱ በጎቹን ተከትሎ ጓሳው ድረስ ይወጣል። የኔ አዛውንት የውሻቸው በሽታ ቀይ ቀበሮውን እንደሚጨርስ ቢነገራቸው፣ ያ በሽታ የልጅ ልጃቸውንም እንደሚገድል እንደሚያውቁት ሁሉ፣ ውሻውን በገመድ አስረው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ጥናቱ ይህን ያውቃል። እሳቸው አልተነገራቸውም።

ስለ ጭላዳውም እንዲሁ ነው። ገብሱ ሲያሽት ጭላዳው ማሳ ይወርዳል። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ወንጭፍ ይዘው ሲጠብቁ ይውላሉ። ክፍሌ ውስጥ ባዶ ወንበር የማየው በዚያ ሰሞን ነው። ስለ እህል ጉዳት የተጠየቀ ገበሬ ብዙ ነው። «እገሌ መንደር ይህን ሞክሮ ቀንሶለታል» ተብሎ የተነገረው ግን አላጋጠመኝም። በየዓመቱ ጉዳቱን ቆጥረንበት ከሄድን፣ ፓርኩን እንደ ባለጋራ ቢያየው አይፈረድበትም።

ጥናት ሲመለስ ምን እንደሚሠራ ሩቅ ሳንሄድ መንዝን ማየት ይበቃል። የመንዝ ሰው ጓሳውን ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ በሽማግሌዎች ቃል ይከፈታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። ዶ/ር ዘላለም ተፈራ ይህን የአባቶች ሥርዓት ከቀይ ቀበሮው ኑሮ ጋር አያይዘው አጠኑ። ሥራው መደርደሪያ ላይ አልቀረም። ከሰዉ ጋር ቁጭ ተብሎ ተመከረበት። ዛሬ መንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው፤ የሚጠብቀውም የአካባቢው ሰው ነው። ወሎ ውስጥም በላሊበላ አናት አቡነ ዮሴፍ ላይ በዚሁ መንገድ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚጠብቀው ቦታ አለ። እንግዳ ነገር እየጠየቅኩ አይደለም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ለአጥኚ ፈቃድ ስትሰጡ፣ ሲጨርስ ሁለትና ሦስት ገጽ በአማርኛ ጽፎ እንዲያስረክብ ግዴታ አድርጉት። ለቢሮ ፋይል ብቻ እንዳይሆን። በቅሬው (በዕድሩ) ስብሰባ ላይ ይነበብ። ወሎ ላይ ሰው ሁሉ የሚገናኘው ቅሬ ላይ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያ አለ። አንባቢው ተማሪ ሊሆን ይችላል። የኔ ተማሪዎች ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። መጠይቁም ወደ ሰው ከመሄዱ በፊት ስካውቶቹ ይዩት። ስንት ዓይነት ቀበሮ እንዳለ እነሱ ይነግሩናል።

ስለ ስካውቶቹ ካነሳሁ አይቀር፣ አንዱ ደብተሩን አሳይቶኛል። ሃምሳ ሉክ ነው። ዝናብ እንዳያበሰብሰው በፌስታል ጠቅልሎ በደረቱ ይዞታል። በእርሳስ ነው የሚጽፈው፣ እስክሪብቶ በብርድ እምቢ ስለሚል። ቀበሮ ያየበት ቀን፣ ስንት እንደሆኑ፣ ቡችላ መኖሩ፣ ሣር የተቃጠለበት ቦታ፣ ውሻ ያየበት ቦታ ሁሉ አለ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ላቡ ወርዶ ጽሑፉን አደብዝዞታል። እኛ ለሦስት ሳምንት ወጥተን «መረጃ ሰበሰብን» እንላለን። እሱ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ነው። ደብተሩ ሲሞላ የት እንደሚሄድ ጠየቅሁት። «ቤት አስቀምጠዋለሁ» አለኝ። እባካችሁ እነዚህን ደብተሮች ሰብስቧቸው። ቅርብ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ላይ ይገልብጧቸው። በየዓመቱ ተደምሮ ሲታይ ቀበሮው እየበዛ ነው ወይስ እያነሰ የሚለውን የሚነግረን እሱ ነው።

የውሻ ክትባቱን ከከብቱ ክትባት ጋር በአንድ ቀን ማድረግም በእናንተና በግብርና ባለሙያዎቹ መነጋገር የሚያልቅ ነው። ጊዜው ከባድ፣ በጀቱም ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ። ከጠየቅኩት ውስጥ ግን ብዙው ገንዘብ ሳይሆን ትእዛዝ ነው የሚፈልገው።

እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን አራት ገጽ አድርጌ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለዚያ ሳጥን ጽፌያለሁ፤ የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን፣ አዛውንቱ ልክ እንደነበሩ። ከአጨዳ በኋላ በቅሬያቸው ላይ አነበዋለሁ። ፈቃዳችሁ ከሆነ አንድ ባለሙያ ላኩልኝና አብሮኝ ይቀመጥ። ሰዉ የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ሁሉንም እኔ ብቻዬን አልመልሰውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የባዮሎጂ መምህር፣ ደቡብ ወሎ

ግልባጭ፦
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ
ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ
ለመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ