ፕሮፌሰሩን ማወደስ ምን ይጠቅማል?

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ «ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐስ (ምን ማጥናት እንደምትፈልግና ለምን እንደሆነ የምትጽፍበት የማመልከቻ ጽሑፍ) ላይ የፕሮፌሰሮችን ስም ጥቀሱ» የሚለው ምክር ልክ ነው፣ ግን እዛው ላይ ቆመ፣ ልጆቹ ደግሞ የሚቸገሩት ከዛ በኋላ ነው። እኔ አሜሪካ ፒኤችዲ እየተማርኩ ነው፣ ከአገር ቤት «እስቲ እይልኝ» ተብሎ የሚላክልኝ ረቂቅ ብዙ ነው፣ እና አብዛኛው «የፕሮፌሰር እገሌ ድንቅ ምርምር በጣም ይማርከኛል፣ ከሳቸው ጋር መሥራት የዘወትር ሕልሜ ነው» ይልና የሦስት ፔፐር (የታተመ የምርምር ጽሑፍ) ርዕስ ይደረድራል፣ አለቀ። ኧረ ሰውዬው የራሱን ፔፐር ያውቀዋል! የማያውቀው አንተን ነው እኮ።

ለምሳሌ አንድ ልጅ ማስተርሱን የጣና እምቦጭ ላይ ሠርቷል እንበል፣ በሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል። ክረምት ላይ ሐይቁን ደመና ስለሚሸፍነው የሐምሌና የነሐሴ ምስል አይረባም፣ ስለዚህ አረሙ በክረምት እንዴት እንደሚስፋፋ ሳያየው ቀረ። ራዳር ግን ደመና አያግደውም። አሁን ይሄ ልጅ በራዳር ረግረግ መሬት የሚያጠና ፕሮፌሰር ካገኘ «የእኔ ሥራ እዚህ ጋ ቆመ፣ የእርስዎ ዘዴ ይሄን ክፍተት ይሞላል ወይ የሚለውን መፈተሽ እፈልጋለሁ» ብሎ ሦስት አራት መስመር ቢጽፍ በቃ፣ ማድነቅም መለማመጥም አያስፈልገውም፣ ማመልከቻውን የሚያየው ኮሚቴ ልጁ ምን እንደሠራና ወዴት እንደሚሄድ በአንዴ ያየዋል።

ደግሞ ፔፐሩን ስታነቡ ዓመተ ምህረቱንና የደራሲዎቹን ቅደም ተከተል እዩ። በብዙ የሳይንስ ዘርፎች መጀመሪያ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ ሥራውን የሠራው ተማሪ ነው፣ የላብራቶሪው ኃላፊ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው (ኢኮኖሚክስ ላይ ግን ባብዛኛው በፊደል ተራ ነው)፣ ይሄን ሳያዩ ተመርቆ የሄደን ተማሪ «ፕሮፌሰር» ብሎ መጥራት ያሳፍራል። ከአሥር ዓመት በፊት የወጣ ፔፐር ጠቅሶ ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ መገኘትም አለ። ብዙዎቹ የራሳቸው ገጽ ላይ ዘንድሮ ተማሪ እንደሚቀበሉና እንደማይቀበሉ ይጽፋሉ፣ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እና እባካችሁ «ፕሮፌሰር ጆን» አትበሉ፣ እኛ በራስ ስም ስለምንጠራራ ነው እንጂ እነሱ ጋ ማዕረግ የሚሄደው ከቤተሰብ ስም ጋር ነው።

ስንት ሰው ይጠቀስ ለሚለው ሁለት ወይ ሦስት ይበቃል። አንድ ብቻ ከሆነ ሰውዬው ዘንድሮ ተማሪ ካልወሰደ ብቻህን ትቀራለህ፣ ስድስት ከሆነ ደግሞ ማንንም አላነበብክም ማለት ነው። አሜሪካ በብዙ ዲፓርትመንት የሚወስነው ኮሚቴ ነው፣ ጀርመን ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ፕሮፌሰሩ ራሱ እሺ ማለት አለበት፣ ስለዚህ እዛ ለፕሮፌሰሩ የሚጻፈው ኢሜይል ከስቴትመንቱ ይቀድማል።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የስም ቦታው ባዶ የሆነ ቴምፕሌት ተማሪው ከሚገዛ፣ እናንተ ተቀባይነት ያገኘ አንድ እውነተኛ ስቴትመንት ከባለቤቱ አስፈቅዳችሁ ብታትሙ አይሻልም? የብዙዎቹ ዴድላይን ዲሴምበር 1 እና 15 ነው፣ በእኛ ኅዳር 22 እና ታኅሣሥ 6፣ ጥቅምት ላይ ከወጣ ይደርሳል።